ጀርመኑ ያልተቀበለው ግጥም

ከሐረር ቢቸና ተመድቤ ስመጣ የሚጠይቀኝ ዘመድ አልነበረኝም። በባትሪ በምትሠራው ማጫወቻዬ የማዳምጠው አንድ ሸክላ ብቻ ነበር፤ በአገሩም ብዙ ሰው የማያውቀው የአንድ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የቫዮሊን ኮንቸርቶ፣ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሙዚቃ።

አንድ እሑድ ዝናብ ሲጥል አከራዬ ጋሽ ውብነህ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሌ ገቡና ጥግ ይዘው ያደምጡ ጀመር። ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር፣ ልክ ለአዝማሪ ግጥም እንደሚሰጥ ሰው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ተቀበል!» አሉ።

«አንቺ ሳለሽበት የጠበበኝ ቤቴ፣
ዛሬ ሜዳ ሆነ ሳይሰፋ መሬቴ።»

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ መዝፈን አለበት። ቫዮሊኑ ግን መንገዱን ቀጠለ። ጋሼ ጠበቁ፤ ጠበቁና ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ናቀኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰውየው ጀርመን ነው! አማርኛ አይሰማም።»

«ታዲያ እስካሁን አብሮኝ ሲያለቅስ አልነበር?» ብለው ለመውጣት ተነሡ።

ክፍሉ እንደገና ባዶ ሊሆንብኝ ነው። መርፌዋን ወደ ኋላ መለስኩ። ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር፣ ዘፍኜ የማላውቀው እኔ ግጥማቸውን ተቀበልኩ። «ሜዳ ሆነ» ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ።

ጋሼ ቀረብ ብለው አንድ ብር ምራቅ አስነክተው ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ፤ ሌላ ብር ማጫወቻዋ ላይ አኖሩ።

«ይቺ የጀርመኑ ናት። ነገ እኔ ዘንድ ይዘኸው ና፤ ቤቱ እንደሆነ ሰፊ ነው።»