ከካቡ የተነቀለው ድንጋይ

ነዒማ ወሬውን የሰማችው ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ጎንበስ ብላ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወደ ካቡ ስታንከባልል ነው። ሳሊም፣ የባሏ የወንድም ልጅ፣ ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ ስልኩን እንደያዘ በማሳው መሀል መጣ።

«እትዬ ነዒማ፣ የማርሷ መኪና ቆመች። ድንጋዩ ጎማዋን በላውና አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራለች» አላት።

ነዒማ ቀና አላለችም። «እሰይ» አለች። «አሁን ና፣ ይህን በዚያ በኩል ግፋልኝ።»

ቀወት ያለው ማሳዋ ተዳፋት ነው። አፈሩን ይዞ ያቆየው የባሏ የኡበይድ አያቶች የካቡት ካብ ነው፤ ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ጠፍጣፋው በጠፍጣፋው ላይ ተነባብሮ የቆመ። ኡበይድም ያንን ካብ ሲጠብቅ ኖረ፣ ከሸዋ ሮቢት ስልክ ገዝቶ እስኪመጣ ድረስ። ስልኩ ላይ፣ ማርስ በምትባል ቀይ ዓለም ላይ ሹፌር ሳይኖራት እየሄደች ድንጋይ እየበሳች የምትመረምር ባለ ስድስት ጎማ መኪና አገኘ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ቢመጣ እሷን ያሳያል፤ ነዒማ ራት ብታቀርብ እሷን ያሳያል። ቀጥሎ ደግሞ መኪናዋ የምታየውን የሚመስል ድንጋይ ከገዛ ካቡ መፈለግ ጀመረ። ቀላ ያለውን፣ መስመር ያለበትን፣ ድሮ ውሃ ያለፈበት የመሰለውን ሁሉ እየነቀለ ቤት አስገባ። ነዒማ ስትቆጣው ባዶውን ከሮቢ ወንዝ ባመጣው ድቡልቡል ድንጋይ ደፈነው። ድቡልቡል ድንጋይ ካብ ላይ እንደማይቀመጥ የማያውቅ የይፋት ገበሬ የለም፤ እሱም ያውቃል። እስክመልሰው ነው ይል ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ጎርፉ ድቡልቡሉን ገፍትሮ ካቡን ናደው፣ ከአፈሩም ወሰደ። ኡበይድ አዝመራው ሳይሰበሰብ ታመመና ሞተ። ካቡ ክፍቱን ቀረ፣ እሷም ቁጣዋን ሳትጨርስ ቀረች።

አሁን ሰኔ ነው። በአንኮበር በኩል ደመናው ተራራውን ይዞታል። ክፍቱ ካልተዘጋ ዘንድሮ የተረፈው አፈር ይሄዳል፤ ማሽላ የሚዘራበት አይኖርም። ስለዚህ ድንጋዮቹን ከቤት አስወጥታ ደቦ ጠራች። ደቦው ግን ሥራ አልሆነም። አንድ ድንጋይ ባነሱ ቁጥር ወሬው ይነሳል። የድንበር ጎረቤቷ ከቢር ባለ ነጠብጣቡን ታቅፎ፣ ኡበይድ እሱን ይዞ ካራቆሬ ገበያ ላይ እንዴት ሰው እንደሰበሰበ ሲያወራ ረፋዱ አለቀ።

የሳሊም ወሬ ሲጨመርበት ጭራሽ ተቀመጡ። ካብ በመካብ የታወቁት ሼህ አሊዪ እጃቸውን ዘርግተው ለኡበይድ ዱዓ አደረጉ፤ ሌሎቹ አሚን አሉ። ከቢር ለመኪናዋስ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀና አንዳንዱ ሳቀ።

«ለብረት ለቅሶ ልትቀመጡ ነው?» አለች ነዒማ። «መኪናዋ እንኳ ድንጋዩን በስታ ትታው ትሄድ ነበር። ተሸክማ ቤት አላስገባችውም።»

ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ካቡ ወገብ ደረሰ፤ ማዕዘኑ ብቻ ቀረ። ጎርፉ የሚመታው ደግሞ እሱን ነው። ሼህ አሊዪ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደሚፈልግ ተናገሩ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ነዒማ ዞሩ። የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ነጭ መስመር ያለበት፣ ኡበይድ ታሞ በተኛበት ጊዜ አልጋው ሥር አስቀምጦ እጁን እየሰደደ ሲዳብሰው የነበረው ነው። ነዒማ ከቤት ያላስወጣችው እሱን ብቻ ነው።

«ከወንዙ አንድ ድቡልቡል አምጡና ድፈኑት» አለች።

«አንቺም እንደ ኡበይድ?» አሉ ሼህ አሊዪ።

 ሳሊም በባጃጁ እቤት ደርሼ ልምጣ ሲል ነዒማ ገላመጠችውና ተወው። ነገ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ ብላ ሁሉንም አመስግና አሰናበተች። እነሱም ነገ ማለቷን ሰምተው፣ ደመናውን ቀና ብለው አይተው ሄዱ።

ገና መንገዱ ጋ ሳይደርሱ ካፊያ ጀመረ። ድንጋዩ አልጋው ሥር ነው። ማዕዘኑ አልተዘጋም።