የአማቴ ገንዘብ ከየት መጣ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኛ ወዳለንበት ባዕድ አገር ከመጡ ወዲህ ግን የሚሰፉት አጥተው የእኔን ሱሪዎች ማሳጠር ያዙ። «ጫማህ ላይ ይተኛል» ይሉኛል። ሱሪው ሲያልቅ ያልተቀደደ ካልሲ ወደ መጣፍ ገቡ። ባለቤቴ ትስቃለች፤ እኔ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ እየገረፈው ምን ያስቀኛል? ዕድሜ ልካቸውን በራሳቸው መኪና የሰፉ ሰው የልጃቸውን እጅ እያዩ መኖር እንዳንገበገባቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን፣ ቁልፍ ሠሪው የለቀቃትን ጠባብ ክፍል ገዝቼ ልሥራባት ብለው ተነሡ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ስንላቸው «ዘመድ አዋጥቶልኛል» አሉ። እውነትም በስማቸው ባንክ ገባ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግብር መሥሪያ ቤት ጠራቸው፤ ከውጭ የገባው ገንዘብ ምንጩ ምን እንደሆነ ቀርበው ያስረዱ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም ራቀው። የክፍሏ ባለቤት ሌላ ገዥ አለኝ እያለ ያስፈራራል። አብረውኝ አውቶቡስ ከሚነዱት አንዱ «ግማሹን ይቆርጡታል» ሲለኝ፣ ሌላው «ገንዘቡን ወስደው ሰውየውን ወደ አገራቸው ይሸኟቸዋል» ይላል። የማያውቅ ሰው ምክር አያልቅበትም። ባለቤቴ እህል አልዋጥላት አለ። «አባዬ፣ ማን ማን እንደላከልህ ንገረኝ እንጂ! የማስተረጉምልህ እኔ አይደለሁ?» ትላቸዋለች። «ዘመድ አልኩሽ፣ ዘመድ ነው» ብለው ወደ ካልሲያቸው ይመለሳሉ።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ባለቤቴ ተራ ለመያዝ መስኮቱ ጋ ስትሰለፍ እኔና አማቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልን። ድንገት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ ያዋጣ ዘመድ የለም። ቤቱን ሸጬው ነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። ቤቱ ማለት የባለቤቴ እናት ያረፉበት፣ እሷም የተወለደችበት ነው። አለቃዋ ባመናጨቃት፣ ብርዱ ባስመረራት ቁጥር «ግድ የለም፣ የእናቴ ቤት አለልኝ፤ አንድ ቀን ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ» የምትለው እሱን ነው።

«እና ምን ሊሏት ነው?»

«ምንም። ሆድ ይፍጀው። አንተም አፍህን ያዝ።»

ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንደከተቱኝ ተመልከቱልኝ! ተናደድኩባቸው፤ አሳዘኑኝም። ሚስቴ የተራ ቁጥሯን ይዛ ስትመለስ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

ተራችን ደረሰ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሠራተኛ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ባለቤቴ ቀልጠፍ ብላ «የዘመድ ስጦታ ነው» አለች። ሠራተኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ስጦታ ከሆነ ሲሶው ለግብር ይሄዳል፤ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ያፈሩት የራሳቸው ሀብት ቢሆን ኖሮ ግን ሰባራ ሳንቲም አይነካም ነበር አለች።

ባለቤቴ ይህንኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። «ሲሶው ከሄደ ክፍሏም ሄደች ማለት ነው፣ አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ይሰባበራል።

አማቴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ይናገሩ ይሆን? ባይናገሩስ?

«ቤቱን ሸጬ ነው፣ በያት» አሉ።

«የቱን ቤት?»

«የእናትሽን። ወደ እናንተ ልመጣ ስል። ውሉ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ምን አሉ?» ሠራተኛዋ ጠየቀች።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ በእጇ ከለከለችኝ። ከዚያ አንድ ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው፤ ቤት ሸጠው ነው፣ የእናቴን ቤት፣ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት። አማቴም ውሉን አወጡ። ተደብቀው በአገሩ ቋንቋ አስተርጉመውት ኖሯል።

ሠራተኛዋ ቀኑን አይታ ፊቷ ፈካ። «ታዲያ ይህን ቀድሞ መናገር አልነበር?» ብላ ማኅተሟን መታችበት። ባለቤቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። አባቷ ትከሻዋን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«ያልገባት ነገር አለ መሰለኝ፤ ይንገሯት እንጂ» አለችኝ። «ምንም አትከፍሉም።»