ያረፈደ አይገባም

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ድንገት ዘነበና ከቤቴ ፊት ያለው ቦይ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። በሩን ልዘጋ ብቅ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የፍየል በጠጥ ሽታ። በዚህ ሁሉ ብርድ መሀል የቆላ ጎርፍ ሸተተኝ! ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ መጥረጊያ እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት? ለራሴም በቅጡ ያልገባኝን ነገር!

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሆነ ነው። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ያለ ነበር፤ በእኛና በትምህርት ቤቱ መሀል ወንዝ አለ። ወንዝ ከተባለ ማለቴ ነው። በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ፍየል እንኳ ምላሷን የምታርስበት አታገኝም። ክረምት ሲገባ ግን አያድርስ ነው። የሚገርመው ደግሞ እኛ ጋ ሳይዘንብ መምጣቱ! ሌሊቱን ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ወንዙ ጋ ስትደርስ ደጋ ላይ የዘነበው ሁሉ ግንድ እያንከባለለ ይጠብቅሃል። ድልድይ ነበረ፤ ግን አስፋልቱ ጋ ስለሆነ በዚያ መዞር ማለት ማርፈድ ማለት ነው።

ማርፈድ ደግሞ... ወይ ጉድ፣ ዩኒት ሊደራችንን ባወቅከው! ከደጋ የመጣ ቀጭን ረጅም ሰውዬ ነው። የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። እኛ በላብ ስንጠመቅ እሱ ኮቱን አያወልቅም። ደወል ሲደወል ራሱ መጥቶ የቆርቆሮውን በር ጥርቅም ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የንጉሥ ልጅ ብትሆን አትገባም። አረፈድክ? ወደ ቤትህ፤ ነገ ወላጅህን ይዘህ ና። ምክንያት ልንገርህ ብትለው «ያረፈደ አይገባም» ነው መልሱ። ሌላ ቃል ያልተፈጠረ ይመስል።

እኔ አንድ ጊዜ አርፍጄ አባቴ ተጠርቶብኝ ነበር። በገበያ ቀን ሽንኩርቱን ለሰው አደራ ሰጥቶ መጣ። አባቴ እርሻው ላይ አንበሳ ነው፤ ቢሮ ሲገባ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ጎረምሶች እያዩት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ቤት ስንደርስ ነው የተናገረው።

«ወላሂ፣ ሁለተኛ ከዚያ ግቢ ከጠሩኝ ትምህርት የሚባለው ነገር በቃሽ። ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ጠያቂም አላጣሽም።»

ጠያቂው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አሊዩ አምባ ከተማ ሱቅ ያለው፣ በዕድሜው ከአባቴ እምብዛም የማያንስ ሰው ነው። ሰላም ስለው እጄን ቶሎ የማይለቅ። እንግዲህ እኔ ሕይወቴ በዚያ የቆርቆሮ በር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ካረፈድኩ አለቀልኝ።

ታዲያ የመነሻ ሰዓታችሁን በምን ታውቁ ነበር አትለኝም? በአውቶብስ! ጎህ ሲቀድ ከሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የመጀመሪያው መኪና ከመንደራችን በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ግመልና ፍየል እንዲለቅለት ጡሩንባውን ይነፋዋል። የመንደራችን ሰዓት እሱ ነበር። ወተት የምትሸጠውም፣ ወደ ሽንኩርት ማሳው ለቀን ሥራ የሚሄደውም፣ እኛ ተማሪዎቹም ጡሩንባው ሲነፋ ነው ከቤት የምንወጣው። አንድም ቀን ጉድ ሠርቶን አያውቅም።

ያን ቀን ግን መኪናው አልነፋም። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቁርሴን በልቼ ቁጭ ብያለሁ። ፀሐይ ወጣች። እናቴ ዛሬስ ቀኑ ቶሎ ነጋ ትላለች። ጥላው እያጠረ ሲመጣ ነው የአጎቴ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «ኧረ አርፍደናል! መንገድ ተዘግቶ ነው አሉ!» ያለን። ለካ ሌሊት ደጋው ላይ ናዳ አስፋልቱን ዘግቶት፣ መኪናው ከነጭራሹ ከመናኸሪያ አልተነሳም። መንደሩ በሙሉ የማይመጣ ጡሩንባ ሲጠብቅ አርፍዷል!

እየሮጥን ወንዙ ጋ ደረስን። ሞልቷል። ውሃው ቡና መስሎ፣ ቅርንጫፍና የሞተ በግ ሳይቀር ይዞ ይወርዳል። ሌሎቹ ልጆች ቆሙ። እኔ ግን አላመነታሁም፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ዛሬ ቢሆን እግሬን አልነክርም። ያኔ ግን ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራኝ ባለሱቁ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ «ተያይዘን እንግባ፣ ብቻሽን አትግቢ!» ይላል። ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ከእግሬ ሥር አሸዋው ይሸሽ ጀመር።

በዚህ መሀል ከማዶ ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ማንን ልይ? ዩኒት ሊደሩ! ኮቱ እየተራገበ፣ አርጩሜውን እንደያዘ ቁልቁል ይሮጣል።

«ውጪ! ውጪ ነው የምልሽ፣ አንቺ ልጅ!»

«ቲቸር፣ በሩ ይዘጋብኛል!» ብዬ ጮህኩ፤ እያለቀስኩ መሰለኝ።

«በሩን የምዘጋው እኔ አይደለሁም እንዴ!»

ግራ ገባኝ። እውነትም የሚዘጋው እሱ ነው። እሱ እዚህ ከሆነ በሩን ማን ዘጋው? ወይስ ተዘግቷል? ደግሞስ ያረፈደ አይገባም የሚለኝ ሰውዬ አሁን አርፍጂ እያለኝ ነው? ውሃው መሀል ቆሜ እንዲህ ስፈላሰፍ የአጎቴ ልጅ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

«በድልድዩ ዙሩ!» አለ ዩኒት ሊደሩ። እኛ በዚህ ማዶ፣ እሱ በዚያ ማዶ፣ ውሃውን መሀላችን አድርገን ወደ ላይ መሄድ ጀመርን። ስንፈጥን ይፈጥናል፤ ስንቆም ይቆማል። እሾሁ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ ስንደርስ አንተያይም፤ ያኔ «አላችሁ?» ብሎ ይጣራል። እኛም «አለን!» እንላለን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አላችሁ?» ይላል። የአጎቴ ልጅ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ድልድዩን ስንሻገር ይገርፈናል ብለን ጠበቅን። አንድ በአንድ አየንና ምንም ሳይናገር ፊት ፊት መራን። ትምህርት ቤት ስንደርስ በሩ ጥርቅም ብሏል።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልን» አለ ዘበኛውን።

ዘበኛው እልኸኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ያረፈደ አይገባም» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ድምፅዎን አውቄዋለሁ። ‹እኔም ብሆን እንዳይከፍቱ› ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

አሁን ያብዳል ብለን ወደ ኋላ ሸሸት አልን። ዩኒት ሊደሩ ግን «ልክ ነዎት ጋሼ» አለና አጥሩ ጋ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ሄዶ ቁጭ አለ። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን አራገፈ፤ ካልሲውን ጨምቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው። እኛም አጠገቡ ተኮለኮልን። እስከ እረፍት ድረስ ዩኒት ሊደሩ ከአርፋጆቹ ጋር ውጭ ተቀምጦ አረፈደ። እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ? ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቅም።

የእረፍት ደወል ተደውሎ በሩ ሲከፈት ሌሎቹን «ግቡ» አላቸው። እኔን አስቆመኝ።

«አንቺ፣ ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ።»

ያ ረቢ! ከውሃ አውጥቶ ገደል ሲከተኝ! ለምን እኔን ብቻ?

አባቴ ስነግረው አልተቆጣም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። በማግስቱ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ አብሮኝ መጣ። ክፍል ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያቸዋለሁ። ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ዩኒት ሊደሩ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ የአባቴን ፊት ደግሞ ጥምጣሙ ጋርዶታል። አስተማሪው የሚያስተምረው አንድም አልገባኝም። ብዙ ቆይተው አባቴ ወደ እኔ ሳያይ ወጥቶ ሄደ። በቃ አልኩ። ቤት ገብቼ ዩኒፎርሜን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ላየው እንኳ አልፈለግሁም።

በነጋታው አባቴ ነው የቀሰቀሰኝ። «ተነሺ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? ትምህርት ቤቱ አንቺን ብሎ ይቆማል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት በሆነ ቁጥር እስከ ወንዙ ይሸኘኛል። ዱላውን ውሃው ውስጥ ሰዶ ያያል፤ ካልጣመው በድልድዩ ያዞረኛል። ባለሱቁም በዓመቱ ሌላ አገባ፤ እሰየው! ምን ተባባላችሁ ብዬ ስጠይቀው ግን «የአዋቂ ወሬ ምን ያደርግልሻል» ይለኛል።

ዩኒት ሊደሩ ተለወጠ እንዳትለኝ። ያው ነው! መስኩ ደርቆ፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ በሆነ ሰሞን እንቅልፍ ይዞኝ ባረፍድ በሩን ፊቴ ላይ ጠረቀመው። እጠላዋለሁ እንዳልል ወንዙ ዳር ሲሮጥ ትዝ ይለኛል፤ እወደዋለሁ እንዳልል በሩ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳልደርስ ተዛውሮ ሄደ። ለመሰናበት እንኳ አልሄድኩም።

አምና አባቴ ታምሞ እኔ ጋ ሲተኛ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውጥቼው ሳለ ጠየቅሁት። «አባ፣ ያኔ ሰውዬው ምን አለህ?»

«አለቀሰ» አለኝ።

«ማን?»

«ሰውዬው ነዋ። ፊቴ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የወንድ ልጅ እንባ አይቼ ላወራ ነው እንዴ? ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ከዚያ ነገረኝ። ሰውዬው ድሮ ሲያስተምርበት በነበረ አገር አንዲት ተማሪ እሱ በሩን ሳይዘጋ ልድረስ ብላ ስትሮጥ ውሃ ወስዷታል። እኔን ውሃው ውስጥ ሲያየኝ እሷን ያየ መስሎት ነበር። አባቴን የጠራው ሊከሰኝ አልነበረም። «ልጅዎን እባክዎ አያስፈራሯት። ለማስፈራራት እኔ እበቃለሁ» ነበር ያለው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ደርሶበት በሩን መዝጋት ለምን አልተወም?» አልኩት፤ ተናድጄ ይሁን አዝኜ እንጃ።

«እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት። ‹ካልዘጋሁት ማን እንደቀረ በምን አውቃለሁ? ትናንት ዘግቼ ዞር ስል ከወንዝ ማዶ ያሉት አንድም የሉም። በዚያ ነው የሮጥኩት› አለኝ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ አላህ ይዘንለት። ሰውዬውን አፈላለግሁት። አንዱ መንዝ ገብቷል ይለኛል፣ አንዱ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ነው ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ ኧረ ሞቷል ይለኛል። የቱን እንደማምን ግራ ገብቶኛል። ባገኘውስ ምን እለዋለሁ? እንጃ። ብቻ ከዚያ ውሃ ወጥቼ፣ ተምሬ እዚህ መድረሴን ቢያውቅልኝ።