ሕፃን የማይገባበት የጡት ማጥባት በዓል

ሰብሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ከመካነ ሰላም ወጣ ያለውን አቀበት አሥራ ሦስት ዓመት በእግሯ ፈጭታዋለች። እግሯ ይደክማል እንጂ ምላሷ ደክሞ አያውቅም። አጥብቃ የምትንቀው ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ አራስ ልጅ ቅቤ የሚያስውጥ አሮጊትና አራስ ልጅ ሳይነካ ስለ አራስ ልጅ የሚደሰኩር ባለ ክራቫት።

አሮጊቷ እማማ አልታዬ ነበሩ። ምራታቸው ብዙዬ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ይኼ ቢጫ ነገር የልጅ ሆድ ያማል ብለው እንገሩን መሬት ላይ አሳለቡና ሕፃኑን ለጋ ቅቤ አስዋጡት። ሁለተኛው ሊወለድ ሲል ግን ሰብሌ ቀድማ ደረሰች።

"እማማ፣ የላምዎን እንገር ለማን ነው የሚሰጡት?" አለቻቸው።

"ለጥጃዋ ነዋ። እንገር ያልጠባ ጥጃ መች ይቆማል?"

"ታዲያ የልጅዎ ልጅ ከጥጃ ያንሳል?"

እማማ አልታዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፉ። ሲመሽ ግን ለስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም አላስቀምሰውም ብለው ቃል ገቡ። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ጉንጩ ሞልቶ፣ ሰብሌ ባየችው ቁጥር የራሷ ሥራ ይመስላት ነበር።

ነሐሴ ላይ የጡት ማጥባት ሳምንት መጣ። አንድ ፕሮጀክት ከተማው ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር አሠርቶ፣ ሰብሌን ሞዴል እናት አምጪ አላት፤ እሷም ብዙዬን መረጠች። አስተባባሪው ቢሻው፣ ጭቃ ጫማውን እንዳይነካው ጠጠር እየመረጠ የሚራመድ ሰው ነው። ሕፃን ይዛችሁ እንዳትመጡ ብሎ አስጠነቀቀ፤ አምና ሕፃናቱ አልቅሰው የክብር እንግዳውን ንግግር አበላሽተውበታል፣ ዘንድሮ ደግሞ ቪዲዮ ይቀረጻል። ሕፃን የማይገባበት የጡት ማጥባት በዓል! ይህን ሰካራም እንኳ አያስበውም።

ሰብሌም በልቧ ሳቀችበት፤ ሳቀችበትና ታዘዘች። ስሟ ከመድረክ እንደሚጠራ ተነግሯት ነበር፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ብዙዬ ልጇን እያየች ስታቅማማ፣ "አብሽሪ፣ ለምሳ እንመለሳለን" አለቻት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረው እንግዳ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። የታሸገ ውሃውን እየተጎነጨ፣ የእናት ጡት ምትክ እንደሌለው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ተጨበጨበለት። ብዙዬ ፊት ወንበር ላይ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ቀሚሷ ርሶ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ትደራርባለች። ሠርተፊኬት ልትቀበል ስትነሳ ቢሻው ወደ ሰብሌ ጠጋ ብሎ እርጥቡ ካሜራ ላይ እንዳይታይ ሸፍኛት አላት። ሸፈነቻት። ቀጥሎ የሰብሌ ስም ተጠራ፤ የአባቷን ስም ግን ተሳሳቱት።

ቤት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሕፃኑ እማማ አልታዬ ጭን ላይ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ዳር የላም ወተት ደርቋል። የሰብሌ ምላስ እንደ ልማዱ ቀደማት።

"እማማ፣ ቃል ገብተውልኝ አልነበረም?"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። አልተቆጡም።

"ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። እስከ ስምንት ሰዓት ውሃም ሳልሰጠው ታገስሁ" አሉ። "እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ነኝ፣ ልጄ። ግን ላሟን ከጥጃዋ ነጥዬ ስለ ወተት ስብሰባ ተቀምጬ አላውቅም።"

ሰብሌ እኒህን ሴትዮ ስትንቅ በኖረችበት አፏ አፈረች።

ብዙዬ ሠርተፊኬቱን መደቡ ላይ ጣል አድርጋ ልጇን ታቀፈች። ሕፃኑ ጠግቦ ስለነበር ጡቷን አልይዝ አለ። ሕመሙ ሲጠናባት ወደ ጥግ ዞረችና ወተቷን መሬት ላይ አለበችው፤ ሰብሌም አጠገቧ ቆማ አየች።