የወንድሜ ሽጉጥ በበሬ ሲገመት

በአገራችን ወግ ሰው ሲሞት ልብሱና መሣሪያው ለቅሶ ላይ ይወጣል። ታናሽ ወንድሜ የሞተ ዕለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ከፍ አድርጌ ሰውን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። በእንባ ብቻ ቢያልፍ ደግ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከዳባትም ከደባርቅም መጥቶ ሲያየኝ ምላሴ ሞቀችና፣ «በዚህ ነብር ጥሏል፤ አንዴም ስቶ አያውቅም!» ብዬ ፎከርኩ። እንኳን ነብር ቆቅም አልጣለበት። የጥይቱን ቂጥ የምትመታው ሹል ብረት ከተሰበረች ስንት ዘመኗ! ይህን የምናውቀው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ነበርን። እሱ ሞተ፤ እኔ ዋሸሁ።

ውርሱ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ የሽጉጡ ገማች አደረጉኝ። ሳንቃ በር ላይ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ሆኜ ስላረጀሁ ሰው መሣሪያ አዋቂ ነው ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጠመንጃዬን ተሸክሜው ኖርኩ እንጂ አልተኮስኩበትም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ንቀውኝ እግሬ ሥር ሣር ይነጩ ነበር።

ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ የወንድሜ ሚስትና፣ ወንድሜ ከፊተኛይቱ ሚስቱ የወለደው፣ አዲ አርቃይ የሚነግደው ልጁ። በጉም እህሉም በሰላም ተከፈለ። አንድ ቀይ በሬና ያ ሽጉጥ ቀሩ። የሚስቱ ጎረቤት የራሱንና የእሷን በሬ አቀናጅቶ የሁለቱንም ማሳ ያርሳል፤ በሬው ከሄደባት ማሳዋን ለእኩል ሰጥታ ግማሽ ምርቷን ለሌላ ልታስረክብ ነው። የልጁ ዓይን ደግሞ ሽጉጡ ላይ ነበር። ሽጉጡ የበሬውን ያህል ከተገመተ እሱ ሽጉጡን፣ እሷ በሬውን ይወስዳሉ። ካልሆነ በሬው ተሽጦ ለሁለት ይከፈላል።

ሽጉጡን ጭኔ ላይ አድርጌ አገላበጥኩት። መነጽሬን አጠለቅሁ፣ አወለቅሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አፈሙዙን አየሁ፤ የጨፈንኩት ደህናውን ዓይኔን ነው፣ የቀረው ሞራ አለበት።

«በሬ ያወጣል» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። «የትኛውን በሬ? ጥጃም እኮ ነገ በሬ ነው።»

«ይሄን ቀዩን፣ ከነቀንዱ።»

ልጁ ፊቱ በራ። «እንግዲያ ሽጉጡን እኔ ልውሰድ። አጎቴ፣ ሊማሊሞን ስወርድ ሲመሽብኝ፣ የአባቴ መሣሪያ ወገቤ ላይ ካለ ልቤ አይፈራም።»

ይህን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ ያገሳሁት ሰውዬ መነጽሬን መወልወል ጀመርኩ።

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «አይተኩስም» አለች።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«አይተኩስም ልጄ፣ ከተሰበረ ቆየ። አባትህ ሰው እንዳይደፍረው ነበር የሚታጠቀው። በሙት ብረት ተማምነህ ያን ገደል እንዳትወርድ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ዓይኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ነብሩን ግን ዓይንዎ አይቶት ነበር» አለኝ።

ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ስቄ በወደቅሁ።

ግምቱ ፈረሰ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እሱም የሚያበላቸው ልጆች አሉት፣ ድርሻውን አለ፣ ሐቁ ነው። በገበያው ቀን በሬውን ወደ ደባርቅ የምነዳው እኔ ሆንኩ። ልወጣ ስል አንገቱን እያሻሸች፣ «አያ፣ ለአራሽ ይሽጡልኝ። ለቢላ እንዳይሆን» አለችኝ።

አራሾች መጡ። ጥርሱን አዩ፣ ጫንቃውን ዳሰሱ፣ ዋጋ ሲሰሙ ሄዱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ሥጋ ቤት ያለው ሰው መጣ፤ እሱ የዳሰሰው ታፋውን ነው። ከሌላው ሁሉ አብልጦ ሰጠ። ልጁም አጠገቤ ቆሟል። ሸጥኩለት።

ስመለስ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። የድርሻዋን ብር ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም።

«ለማን ሸጡት?»

«ለሥጋ ቤት» አልኳት።

ባዶውን ጋጣ አየች።

«ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ውሃስ ጠጥቶ ነበር?»

«ጠጥቷል» አልኳት።

አልጠጣም ነበር።