ፋንድያው የታለ?

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ብረት የለበሱ የጥንት ፈረሰኞች ፊልም ታየ። ያኔ ልጅ የነበሩት ቅድመ አያቴ ከጨርቁ ኋላ ዞረው የፈረሶቹን ፋንድያ ፈልገው አጡ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን የድሮ ነገሥታትን ባሳየ ቁጥር «ፋንድያው የታለ?» ይሉና የራሳቸውን አፈ ታሪክ ይጀምሩልን ነበር።

አንድ ቀን፣ በአፈ ታሪካቸው ውስጥ ከዙፋኑ የተባረረ ንጉሥ ከነፈረሱ ጣና ውስጥ ሲገባ፣ «አባባ፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ብዬ አቋረጥኳቸው።

«እንግዲያው መጽሐፍህ ይንገርህ!» አሉኝ። መጨረሻውን ለአክስቴ ልጅ ብቻ ነገሯት። እኔ በር ላይ ቆሜ በሳቋ ተቃጠልኩ።

ዛሬ አርባቸው ነው፤ መደባቸው ባዶ ነው። ጠዋት ቅናቴን ዋጥ አድርጌ የአክስቴን ልጅ «ንጉሡ ተሻገረ?» አልኳት።

«እንግዲያው መጽሐፍህ ይንገርህ!» አለችኝ፣ ልክ በእሳቸው ድምፅ።

ተናደድኩ። ግን «እባክሽ፣ ድገሚው» አልኳት።