ሳህኑ የጠፋበት ስንዝር

«ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሳህኑ የጠፋው በ» ይላል የሟቹ አዛውንት ደብተር የመጨረሻ መስመር። ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው።

ልጃቸው መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም ይህንኑ ሙያ ስለሆነ፣ ያልተሟላ መስመር ዓይን ውስጥ እንደገባ ጉድፍ ይቆረቁራታል። አባቷን ከቀበረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ስድስት ዓመት አንድም ቅዳሜ ያላጎደሉ ሰው የመጨረሻውን ለምን ጎደሎ ተዉት? አቅም ከድቷቸው ይሆን? ሐዘኑ ላይ ይህ ተጨምሮባት ደብተሩን ደጋግማ ትገልጣለች።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ፍቅራቸው ሁሉ ወደ አሮጌዋ የቤት መኪና ዞረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸው ላይ አቁመው፣ የውኃውን ጎማ ዘርግተው ያጥቧታል። አረፋው አስፋልቱን አቋርጦ መንገድ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ይገባል። «ወደ ማጣሪያ ነው የሚሄደው» ይሉ ነበር። ማን እንደነገራቸው ግን አያውቁም።

አንድ ቀን ቢጫው ስፖንጅ አምልጧቸው በተሰበረው ፍርግርግ ሾለከ። ከሰዓት በኋላ በድልድዩ ሲያልፉ ቁልቁል ቢያዩ፣ ራሳቸው ጠርዙን በቀይ ክር የሰፉት ስፖንጅ በአረፋ ተከቦ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፏል። ቤት ገብተው ልጃቸውን «ለካ እጄ እዚያ ድረስ ይደርሳል» አሏት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ አቁመው በአንድ ባልዲ ውኃ አጠቧት፤ እጣቢውን አፈሩ ጠጣው። ከዚያ ከወንዙ ያወጡትን ስፖንጅ ይዘው፣ ሰው መንገድ ላይ መኪና እንዳያጥብ ለመለመን የሰፈሩን በር ሁሉ ማንኳኳት ጀመሩ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሳቀባቸው።

«ጋሼ፣ መኪናውን ትተው ወንዙን ሊያጥቡት ነው እንዴ?»

«አንተ ሳሙናህን ያዝልኝ እንጂ እሱስ ራሱን ያጥባል።»

ውሎ አድሮ ልብስ ሰፊውም መኪናውን ሣሩ ላይ ማጠብ ጀመረ፤ የራሱን ባልዲ ለእሳቸው እስከ ማዋስም ደረሰ። እሳቸው ደግሞ ነጭ ሳህን በሲባጎ አሰሩ፤ ሲባጎውን በየስንዝሩ ቋጠሩት። የውኃውን ጥራት ለመለካት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህኑን ከድልድዩ ሥር ወዳለው የወንዙ ጥልቅ ኩሬ እያወረዱ፣ ከዓይናቸው ሲሰወር ውኃው ላይ የደረሰውን ቋጠሮ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ዓመት «በአንድ ስንዝር» ነው። አምና አምስት ደርሶ ነበር።

ልጅቷ በመጨረሻ ልብስ ሰፊውን ጠየቀችው።

«ያን ቀን ረፋዱ ላይ ባልዲዬን አጥበው፣ አድርቀው ሊመልሱ መጥተው ነበር» አላት፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። «ፊታቸው ልክ አልነበረም። ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው፣ ‹ሳህኑ ታች መሬት ነካ፤ ግን አልጠፋም› አሉኝ። ‹ታዲያ ምን ብለው ጻፉ?› ስላቸው፣ ‹የጠፋው በ ብዬ ጀምሬ ምን ልበል? አልጠፋማ› አሉ።»

ከዚያው ወደ ድልድዩ ሄደች። ሳህኑን አወረደች። ሰባተኛው ቋጠሮ ውኃው ላይ ሲደርስ ሲባጎው ረገበ። ሳህኑ ከታች አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ የተሸረፈው ጠርዙ ሳይቀር ይታያታል። ትንሽ ዓሣ በላዩ አለፈች፤ ጥላዋ ሳህኑን ተሻገረ።

ባዶውን ቦታ አልሞላችውም፤ የሰው መዝገብ አይነካም። በሌላ ወረቀት ላይ ግን ከልብስ ሰፊው የሰማችውን ጽፋ ደብተሩ ውስጥ አስገባች፦ ሚያዝያ 4 ሳህኑ መሬት ነካ እንጂ አልጠፋም፤ በዚያው ቀን ረፋድ፣ የተዋሱትን ባልዲ አጥበው፣ አድርቀው፣ ለጎረቤታቸው መለሱ።